ስለ ዱር አይጦችና በመካከላቸው ስለሚተላለፈው ቫይረስ

የቸነፈር በሽታ በገባበት አገር አስቀድሞ አይጦቹ ራሳቸው ይሞታሉና ሰው ሬሳቸውን በየሥርቻው ባየ ጊዜ ይጠነቀቃል። ሐንታ ቫይረስ የሚባለው ረቂቅ ተሐዋሲ ግን እንዲህ ያለ ምልክት አይሰጥም። አይጡን ሳያሳምም ዕድሜውን ሙሉ በሰውነቱ ውስጥ ይኖራልና፤ የሚጎዳው ወደ ሰው በተሻገረ ጊዜ ነው።

ስሙ የመጣው በኮሪያ ካለው ከሐንታን ወንዝ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1951 ጀምሮ በኮሪያ ጦርነት ከ3000 የሚበልጡ የተባበሩት መንግሥታት ወታደሮች በብርቱ ትኩሳት ተያዙ፤ ኩላሊታቸው ታወከ፤ ደማቸውም ከቆዳቸው በታች ፈሰሰ፤ ብዙዎችም ሞቱ። የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃም በዚያው ዘመን በዚያው ምድር ይዋጋ ነበር። የደዌው ምክንያት ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ከ20 ዓመት በላይ ተሰውሮ ቆየ። በ1976 ሊ ሆ ዋንግ የተባሉ የኮሪያ ሊቅ ጀርባው ላይ ጥቁር መሥመር ካለው የሜዳ አይጥ ሳንባ ውስጥ አገኙት።

ከአይጥ ወደ አይጥ እንዴት ይሻገራል ቢሉ፤ ብዙውን ጊዜ በንክሻ ነው። አይጦች ስለ ስፍራና ስለ እንስት ሲጣሉ ይናከሳሉ፤ ምራቃቸውም ወደ ቁስሉ ይገባል። በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ የዱር አይጦች ተይዘው በተመረመሩ ጊዜ፤ የዚሁ ወገን የሆነ ቫይረስ የንክሻ ቁስል ባለባቸው ላይ በዝቶ ተገኘ። የአይጥ ልጅ ከእናቷ በወረሰችው መከላከያ ጥቂት ጊዜ ትጠበቃለች፤ አድጋ ከሌሎች ጋር መጣላት ስትጀምር ግን ትያዛለች። ስለዚህ ቫይረሱ ከትንንሾቹ ይልቅ በትልልቆቹ ላይ ይበዛል።

የተያዘ አይጥ ቫይረሱን በምራቁ፤ በሽንቱና በዓይነ ምድሩ ያወጣዋል። ይህም ደርቆ ከአቧራ ጋር በተነሣ ጊዜ ሰው በአፍንጫው ይስበዋል።

በኢትዮጵያም ከትግራይ ደጋ በተያዙ እግረ ነጭ አይጦች ላይ የዚህ ወገን የሆነ ቫይረስ መገኘቱ በ2012 ተገለጠ፤ የትግራይ ቫይረስም ተባለ። ሰውን ማሳመሙ አልተረጋገጠምና ሕዝብን ማስደንገጥ አይገባም። ጥንቃቄው ግን ገንዘብ የማይጠይቅ ስለ ሆነ የሚናቅ አይደለም።

ክረምቱን ተዘግቶ የከረመ የትምህርት ቤት ክፍል ወይም ጎተራ በመስከረም ሲከፈት በደረቅ መጥረጊያ መጥረግ አቧራውን ማስነሣት ነው። ይልቁንስ በሩንና መስኮቱን ከፍቶ ለ30 ደቂቃ ያህል ነፋስ ማስገባት፤ ቀጥሎም የአይጥ ምልክት ያለበትን ስፍራ 1 እጅ በረኪና ከ9 እጅ ውሃ ጋር በጥብጦ ማራስና ከ5 ደቂቃ በኋላ በርጥብ ጨርቅ ማበስ ይሻላል። በረኪና በሌለበት መንደር የሳሙና ውሃም ቢሆን አቧራው እንዳይነሣ ያደርጋል። በየትምህርት ቤቱ ይህን የጽዳት ሥራ ለሕፃናት መስጠት የተለመደ ነው፤ ልማዱ መልካም አይደለምና የመጀመሪያውን ቀን ጽዳት አዋቂዎች ሊሠሩት ይገባል። የሞተ አይጥም ቢገኝ ባዶ እጅ ሳይነካው በላስቲክ ተጠቅልሎ በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር።