አረቄ፦ ከገብስ እስከ መለኪያ

ስለ አረቄ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ስካሩ ነው። እንዴት እንደሚሠራ ጠይቆ የሚጽፍ ጋዜጠኛ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ የመንዝን የገብስ አረቄ ከሥሩ ጀምረን እንይ።

ቃሉ የመጣው ከዐረብኛው «ዐረቅ» ሲሆን ትርጉሙ ላብ ማለት ነው። እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ጠብ ጠብ ሲል እኮ ላብ ነው የሚመስለው። የሊባኖስ «አራክ» እና የቱርክ «ራኪ»ም የስሙ ዘመዶች ናቸው። ስሙ የውጭ ቢሆንም ብቅሉና ጌሾው የጠላችን ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ገብስ ተዘፍዝፎ ይበቅላል፤ ከዚያ ደርቆ ይፈጫል። ይህ ብቅል የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣል። የተወቀጠ ጌሾና ብቅል በውሃ ተበጥብጦ ጥቂት ቀናት ሲቆይ ጥንስስ ይሆናል። ጌሾ ለመንዝ ደጋ የሚመጣው ዝቅ ካለው አገር ነው። ቀጥሎ ቂጣ ተቆራርሶ ይገባና ድፍድፉ እስኪብላላ ይጠበቃል። ስኳሩን አልኮል የሚያደርገው እርሾው ነው።

ድፍድፉ በማሰሮ ይጣዳል፤ እንፋሎት እንዳያመልጥም አፉ በጭቃ ይመረጋል። እንፋሎቱ በሸምበቆ ቱቦ አልፎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ይጠራቀማል። ውሃው በሞቀ ቁጥር ይለወጣል። አልኮል በባሕር ጠለል በ78 ዲግሪ፣ ውሃ በ100 ዲግሪ ስለሚፈላ አልኮሉ ቀድሞ ይወጣል። ከ3,000 ሜትር በላይ ባለችው መሐል ሜዳ ደግሞ ውሃም በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። አንዴ የወጣው ተራ አረቄ፣ ተደግሞ የወጣው ዳግም አረቄ ይባላል።

ታዲያ ጉዳዩ የት ላይ ነው? አረቄ ማውጣት በአመዛኙ የሴቶች ሥራ ነው፤ ከገቢው የልጆች ደብተር ይገዛል። እሳቱ ግን ለሰዓታት ይነዳል። ዛፍ በሳሳበት ደጋ የሚነደው ኩበት፣ ባይነድ ኖሮ ለማሳው ፍግ በሆነ ነበር። የዛሬው አረቄ የከርሞውን ገብስ ይቀንሳል ማለት ነው።

ሌላው አደጋ ቅሸባ ነው። ለትርፍ ብሎ የኢንዱስትሪ ሜታኖል የሚቀላቅል ሰው ዓይን ያጠፋል፣ ነፍስም ይቀጥፋል። ሜታኖልን በጣዕምም በሽታም መለየት አይቻልም። ከጠጣ በኋላ ዓይኑ የደበዘዘበት ሰው ወዲያውኑ ሐኪም ቤት መድረስ አለበት።

እንግዲህ «አረቄ ሰው ገደለ» ብለን ከመጻፋችን በፊት አንድ ጥያቄ እናስቀድም፦ የገደለው አረቄው ነው ወይስ የተቀላቀለበት ነገር? ያለዚህ ጥያቄ የተጻፈ ዜና ጥፋተኛውን ትቶ በሐቅ የምታወጣውን እናት ይከሳል።