እንጉዳይ፤ ምግብም መርዝም

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና ካነበባችሁ በኋላ ጥያቄዎቹን መልሱ።

ክረምት ገብቶ ምድር ዝናብ ስትጠግብ፣ ትናንት ባዶ በነበረው ሜዳ ላይ እንጉዳይ ጥላውን ዘርግቶ ይታያል። ሕዝቡ ቅርጹን ተመልክቶ «የጅብ ጥላ» ይለዋል። ይህ ስም የሰው ሳይሆን የአውሬ ሀብት ያስመስለዋል። ይሁን እንጂ እንጉዳይ በብዙ አገሮች የተወደደ ምግብ ነው። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች የሚኖሩ እንደ መዠንግር ያሉ ሕዝቦችም ከጫካ እየለቀሙ ይመገቡታል።

እንጉዳይ ከዕፀዋት ወገን አይደለም፤ ፈንገስ ነው። አረንጓዴ ሐመልሚል ስለሌለው በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ማዘጋጀት አይችልም። ከዚህም የተነሣ ከበሰበሰ እንጨት፣ ከገለባ፣ ከፍግና ከመሳሰሉት ምግቡን ይስባል። ከመሬት በላይ የሚታየው ጥላ የእንጉዳዩ ፍሬ ሲሆን፣ ዋናው አካሉ እንደ ሸረሪት ድር ቀጥኖ በአፈር ወይም በእንጨት ውስጥ ተሰራጭቶ ይኖራል። በኩይሳ ላይ የሚበቅለው ዓይነት ኑሮው ከምስጥ ጋር ነው። ምስጦቹ በጎጇቸው ውስጥ የእንጉዳዩን ድር ይንከባከባሉ፤ እርሱም በፈንታው የሰበሰቡትን እንጨትና ሣር ያብላላላቸዋል።

ከትኩስ እንጉዳይ ክብደት 90 ከመቶ ያህሉ ውሃ ነው። በቀረው ክፍል ፕሮቲን፣ የቢ ቫይታሚኖችና ማዕድናት ይገኛሉ፤ ቅባቱ ግን ጥቂት ነው። ሥጋም ወተትም ስላልሆነ በጾም ወራት ለገበታ ይቀርባል።

ችግሩ የሚበላውና የሚገድለው በመልክ መመሳሰላቸው ነው። አማኒታ ፋሎይደስ የተባለው መርዛም እንጉዳይ ሲታይ ያማረ ነው። የበላው ሰው ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ድረስ ምንም አይሰማውም። ከዚያ ትውከትና ተቅማጥ ይይዘዋል፤ ቀጥሎም የተሻለው ይመስላል። መርዙ ግን በዚያው ጊዜ ጉበቱን እያጠፋ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በአውስትራሊያ፣ በካንቤራ ከተማ ሁለት ሰዎች ይህን እንጉዳይ በልተው ሞተዋል። ከእስያ ወደ ሌላ አገር የሄዱ ሰዎች፣ በትውልድ አገራቸው ከሚያውቁት የገለባ እንጉዳይ ጋር እየተመሳሰለባቸው የሚሳሳቱበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በአንድ አገር የተገኘ ዕውቀት በሌላው አገር ሊያሳስት ይችላል።

አንዳንድ ሰዎች መርዛሙ የብር ማንኪያ ያጠቁራል ይላሉ፤ እንስሳ የበላው ለሰውም ይስማማል የሚሉም አሉ። ሁለቱም ሐሰት ነው። መርዛም እንጉዳይ በልተው የማይጎዱ እንስሳት አሉ። መቀቀል፣ መጥበስ ወይም ማድረቅም የአማኒታ ፋሎይደስን መርዝ አያጠፋውም። መድኃኒቱ እያንዳንዱን ዓይነት ለይቶ ማወቅ ብቻ ነው። በሚገባ ያላወቁትን አለመንካት ይበጃል፤ የበላ ሰውም ሕመሙ እስኪሰማው ሳይጠብቅ ወደ ሐኪም መሄድ አለበት።

ያለ ሥጋት ለመመገብ የሚሻለው በሰው እጅ የለማው ነው። ገለባ ወይም የቡና ገለፈት በሙቅ ውሃ ይዘፈዘፋል፤ ከቀዘቀዘና ከተንጠፈጠፈ በኋላ ከእንጉዳይ ዘር ጋር ተደባልቆ በከረጢት ይታሰራል። ድሩ ገለባውን ከወረሰው በኋላ እርጥበትና አየር ሲያገኝ እንጉዳዩ ይወጣል። ሰፊ እርሻ አይጠይቅም፤ አንድ ጥግ ይበቃዋል።

አሠራሩም ቀላል ነው። እንጉዳዩ ውሃ እንዳይመጥ ሳይዘፈዘፍ ቶሎ ታጥቦ ይከተፋል። ሽንኩርት በዘይት ይቁላላል፤ ነጭ ሽንኩርት ይጨመርበታል፤ ከዚያ እንጉዳዩ ይገባል። እንጉዳዩ የራሱን ውሃ ስለሚያወጣ ሌላ ውሃ አያሻውም። ያ ውሃ መጥጦ እስኪያልቅ ይበስላል፤ በመጨረሻ ጨውና ቃሪያ ተጨምሮበት በእንጀራ ይቀርባል።

እንጉዳይን ሁሉ መፍራት ከጥሩ ምግብ ያርቃል፤ ሁሉን መድፈር ደግሞ ሕይወት ያስከፍላል። ሁለቱን የሚያስታርቀው ዕውቀት ነው።

መልመጃ

ሀ. ጥያቄዎች
1. እንጉዳይ ምግቡን በራሱ ለማዘጋጀት የማይችለው ለምንድን ነው?
2. ምስጥና እንጉዳይ በምን ይጠቃቀማሉ?
3. የአማኒታ ፋሎይደስ በሽተኛ የተሻለው ሲመስል አደጋው አለማለፉን ምንባቡ እንዴት ያስረዳል?
4. የብር ማንኪያ መርዛሙን ይለያል የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ ምን ትመልሱለታላችሁ?

ለ. የሚከተሉትን ቃላት በምንባቡ አገባባቸው መሠረት ፍቱ፤ በየራሳቸውም ዓረፍተ ነገር ሥሩባቸው።
ኩይሳ፣ ያብላላል፣ ገለፈት፣ ይዘፈዘፋል

ሐ. በአካባቢያችሁ ስለ እንጉዳይ የሚነገረውን ከታላላቆቻችሁ ጠይቃችሁ አንድ አንቀጽ ጻፉ።