ቁጥሩን እንደገና ደምረው

ማሙሽ፣ እስክሪብቶውን አስቀምጠው እስቲ። ከኋላህ ቆሜ ሳይህ ቆየሁ፤ የክብደት ሠንጠረዡን ካለፈው ሳምንት ወረቀት ላይ እየገለበጥክ ነው። ያን ቀን አንተና ካፕቴንህ ብቻ ነበራችሁ። ነገ ከኋላ የሚቀመጥ የክፍል ጓደኛህ አለ፣ የናንተ ሻንጣ አለ፣ እማዬ ለድሬዋ አክስታችን የቋጠረችው በርበሬና ሽሮ አለ። እሱስ አይመዘንም?

አትሳቅ። ሴስናዋ አራት ወንበር ስላላት አራት ሰው ትችላለች ማለት አይደለም። ነዳጁ ሙሉ ከሆነማ ሦስት ሰውም ሊከብዳት ይችላል። ያውም ከቦሌ። ቦሌ ከ7,600 ጫማ በላይ ነው፤ አየሩ ሳስቷል፣ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ፕሮፔለሩ የሚይዘው አየር ይቀንሳል፣ መንደርደሪያው ይረዝምብሃል። ከሁሉ የሚያታልለው ደግሞ ዓይን ነው። የፍጥነት መለኪያው ቆላ ላይ የሚያሳይህን ያንኑ ቁጥር እያሳየህ መሬቱ ግን ከሥርህ ይበልጥ ይሮጣል። «ፈጠንኩ» ብለህ አፍንጫዋን ቀድመህ ብድግ ታደርጋለህ። መለኪያውን እመን እንጂ አስፋልቱን አትመን።

የጄሲካ ዱብሮፍን ታሪክ ሰምተሃል? አሜሪካዊት ናት፣ የ7 ዓመት ልጅ። ከአባቷና ከአስተማሪዋ ጋር በሴስና 177 አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር ልታቋርጥ ከካሊፎርኒያ ተነሳች። ጋዜጠኛው ይከተላቸዋል፣ የሚያርፉበት ሁሉ ቀድሞ ተቀጥሯል። በማግስቱ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1988 ዓ.ም. ጠዋት፣ ዋዮሚንግ ውስጥ ሻያን የምትባል ከተማ ላይ ዝናብ ጣለ፤ ነጎድጓድ ያለበት ደመና ተጠጋ። ቢሆንም ተነሱ። ወዲያው ወደ ቀኝ ሲታጠፉ አውሮፕላኗ ስቶል አድርጋ፣ ክንፎቿ መሸከም አቅቷቸው፣ መኖሪያ ሰፈር ውስጥ ወደቀች። ሦስቱም ሞቱ።

ሰው ይህን ሲያወራ የልጅቷን ዕድሜ ነው የሚያነሳው። የአሜሪካ ምክር ቤትም ከወራት በኋላ ፈቃድ የሌለው ሰው ለክብረ ወሰን ብሎ መሪ እንዳይነካ ሕግ አወጣ። ደግ አደረገ። እኔን የሚያባንነኝ ግን አስተማሪው ነው። መርማሪዎቹ የበረራው ኃላፊ እሱ እንደነበር አረጋግጠዋል፤ የጎለመሰ ሰው፣ ፈቃድ ያለው አብራሪ። አውሮፕላኗ ከተፈቀደላት ከ40 ኪሎ በላይ ትርፍ ጭናለች። ሻያን ከ6,100 ጫማ በላይ ነው፤ እንደዚያ የሳሳ አየር እሱ የለመደው አልነበረም። መርማሪዎቹ ከአየሩና ከክብደቱ ጋር ያንን የተጣበበ የጉዞ ፕሮግራምም ጻፉት። አየህ፣ የሚጠብቃቸው ሰው ነበረ።

አንተንም የሚጠብቅህ አለ። አክስታችን ዶሮ አርዳለች፣ እማዬ ለሰፈሩ ሁሉ ነግራለች፣ እኔም ብሆን ፎቶህን ልለጥፍ ተሰናድቼ ነበር። የበረራ ተማሪ ሳለሁ አጎቶቼ አጥር ሥር ቆመው ሊያዩኝ መጡ። ለማረፍ አመጣጤ ከፍ ያለ፣ ፍጥነቴ የበዛ ነበር፤ ማረፉን ትቼ ጎ አራውንድ ማለት፣ እንደገና ሽቅብ መነሳት ሲገባኝ አፍሬ ተውኩት። ሁለት ጊዜ ነጠርኩ፣ ጎማዋ ጮኸች። አጎቶቼ አጨበጨቡ! ምን ያውቃሉ። ካፕቴኔ ግን እስከ ቢሮው ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ እስካሁን ሳስበው ፊቴ ይግላል።

ሲታጠፉ ያልኩህንም አስብበት። ቀጥ ብለህ ስትሄድ የሚበቃህ ፍጥነት ስትታጠፍ አይበቃህም። ከፍታህን ሳትለቅ ክንፉን 60 ዲግሪ ካጋደልከው ስቶል የምታደርግበት ፍጥነት በ40 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ተነስተህ ብዙም ሳትርቅ ሞተሩ ቢጠፋ ወደ ኋላ አትዙር፤ ፊት ለፊትህ ያለውን ማሳ ምረጥ። ድሬ ከቦሌ ዝቅ ትላለች ብለህም አትኩራራ፣ የቀትር ሙቀቷ አየሩን ያሳሳዋል። ስትመለሱ በጠዋት ተነሱ። ነዳጁን በመለኪያ ዘንጉ ራስህ እየው፤ ጓደኛህ «አይቼዋለሁ» ቢልህም እየው።

ደመና ካየህ ደግሞ ቅር። ዶሮው ይቀዝቅዝ። እማዬን እኔ እነግራታለሁ፣ ሰፈሩንም እሷ ትንገር።

በል አሁን አዲስ ወረቀት አውጣና ያንን ቋጠሮ ከጓዳ አምጣው። ሚዛኗ አልጋዬ ሥር ናት።