ቡናና የተሞላ ጥርስ፦ ጥፋቱ የማን ነው?

ጥርሱን ያስሞላ ሰው ሙሌቱ ቀለሙን ሲቀይር ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱን ይወቅሳል። ወይ «ሐኪሙ አጭበረበረኝ» ይላል፣ ወይ ደግሞ «ቡናው አበላሸብኝ» ይላል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ነገሩ ከሁለቱም ትንሽ ሰፋ ያለ መሆኑን ለማሳየት እሞክራለሁ። እኔ የጋዜጠኝነት ተማሪ እንጂ የጥርስ ሐኪም አይደለሁም። ቢሆንም ጉዳዩ እኛ አካባቢ ቀላል ስላልሆነ ጠይቄና አንብቤ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

ለምን ቀላል አይደለም? ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በትውልድ ከተማዬ በደጋን «ቡና አልጠጣም» ማለት ከጎረቤት እንደ መራቅ ይቆጠራል። አቦሉን ቀምሶ ቶናና በረካውን ሳይጠብቁ መነሳት እንኳን ያስወቅሳል። አንድ አብሮ አደጌ የፊት ጥርሱ ሙሌት ቢጫ ስለሆነበት ቡና ተወ። ሲስቅ አፉን በእጁ መሸፈን ጀመረ፤ የቡና ጥሪ ሲመጣ ደግሞ ሰበብ ፈልጎ ይጠፋል። ጥርሱ ተሞላ፣ እሱ ግን ከሰው ጎደለ ማለት ነው።

ሙሌቱ ከምን ይሠራል?

ጥርስ የሚመስለው ሙሌት ኮምፖዚት ይባላል። ግራጫው አማልጋም የብረታ ብረትና የሜርኩሪ ቅይጥ ሲሆን፣ ኮምፖዚት ግን በጣም የደቀቀ መስታወት መሰል ዱቄት ሬዚን ከሚባል ፕላስቲክ መሰል ማጣበቂያ ጋር ተደባልቆ የሚሠራ ነው። ለዚህ መሠረት የሆነውን ሬዚን አሜሪካዊው ራፋኤል ቦወን እ.ኤ.አ. በ1962 በፈጠራ መብት አስመዝግቦታል። ሐኪሙ ለስላሳውን ሙሌት ጉድጓዱ ውስጥ ያስገባና በሰማያዊ ብርሃን ያጠነክረዋል።

ቀለም በቀላሉ የማይዘው ዱቄቱ ነው፤ የሚይዘው ሬዚኑ ነው። ሬዚን ከምራቅና ከመጠጥ ጥቂት ውኃ ይመጣል፤ ከውኃው ጋር ቀለሙም ይገባል። ቤታችን ያለውን አስቡት፦ ሲኒ ስንት ዓመት ቡና ቢቀዳበት ታጥቦ ይነጻል። እርድ ያለው አልጫ ያደረበት ነጭ ፕላስቲክ ዕቃ ግን በሳሙና ቢታሽም ቢጫው አይለቅም። ተፈጥሯዊው ጥርስ እንደ ሲኒው ነው ባይባልም፣ ሙሌቱ ግን የፕላስቲኩ ጠባይ አለው።

ምን ምን ያቀልመዋል?

ቡና፣ ሻይ፣ እርድና ቀይ ወይን በቤተ ሙከራ ደጋግመው ከተፈተኑት ዋናዎቹ ናቸው። የሻይ ቀለም በአብዛኛው ላይ ላዩን ስለሚቀመጥ በመቦረሽ ይቀንሳል፤ የቡናው ግን ወደ ውስጥም ይዘልቃል። ጫትም ታኒን ስላለው ጥርስንም ሙሌትንም ያቀልማል። ኮካ ኮላን የመሰሉ ለስላሳ መጠጦች ደግሞ ጉዳታቸው ከቀለማቸው ይልቅ በአሲዳቸው ነው፤ የሙሌቱን ገጽ ያሻክራሉ። አልኮልም ሬዚኑን ያለሰልሳል። የሻከረና የላላ ገጽ ላይ ቀጥሎ የሚመጣው ቡና እንደ ልቡ ይቀመጣል።

ቡናው ብቻውን አይደለም

እዚህ ላይ ነው ፍርዱ ሚዛን የሚፈልገው። በአንድ ሲኒ ቡና አንዱ ሙሌት ሲቀየር ሌላው የማይቀየረው በአሠራሩ የተነሳ ነው። ብርሃኑ ደካማ ከሆነ፣ ጊዜው ካጠረ ወይም መደበኛው ኮምፖዚት በአንድ ጊዜ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ወፍሮ ከተሞላ፣ ውስጡ በደንብ ሳይጠነክር ይቀራል። መጨረሻ ላይ በደንብ ካልተወለወለም ገጹ ሸካራ ይሆናል። በተጨማሪም ሙሌቱ ከብርሃኑ በኋላም ለአንድ ቀን ያህል መጠንከሩን ይቀጥላል። ስለዚህ በመጀመሪያው አንድ ሁለት ቀን ከቡና፣ ከሻይና እርድ ካለው ወጥ መታገስ ይጠቅማል።

አብሮ አደጌ በመጨረሻ ደሴ ሄዶ ሲታይ ቀለሙ ላይ ላዩን ሆኖ ተገኘ። ተወለወለለትና አብዛኛው ለቀቀ። ቡና ተው ያለው የለም፤ ከጠጣህ በኋላ አፍህን በውኃ ተጉመጥመጥ ነው የተባለው።

ቀለምና በሽታ

ከሁሉም በላይ መለየት ያለብን ይህንን ነው። ሙሌቱ በሙሉ ገጹ ከደበዘዘ ብዙ ጊዜ የመልክ ጉዳይ ነው፤ በመወልወል፣ ካልሆነም ላዩን በማደስ ይስተካከላል። ነገር ግን ሙሌቱና ጥርሱ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ጥቁር መስመር ከታየ፣ በክፍተቱ ፍሳሽ ገብቶ ከሥር አዲስ መበስበስ ጀምሮ ሊሆን ይችላል። መስመር ሁሉ መበስበስ ነው ማለት አይደለም፤ ግን ሳያም መታየት አለበት። «የቡና ነው» ብሎ መተው ጥርሱን ሊያስነቅል ይችላል።

በከሰል ወይም በሎሚ መፈተግም መፍትሔ አይደለም። ከሰሉ ይፍቃል፣ ሎሚው አሲድ ነው፤ ሁለቱም ገጹን ያሻክራሉ። ማንጫ መድኃኒትም የተፈጥሮ ጥርስን እንጂ ሙሌትን ስለማያነጣ ልዩነቱን ያጎላዋል።

እንግዲህ ጥርሱን የሚያስሞላ ሰው ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ምን ዓይነት ሙሌት ነው? መጨረሻ ላይ ይወለወላል ወይ? መቼ ተመልሼ ልታይ? ነገ ስለ ጤና የምንዘግበው እኛም «ቡና ሙሌት ያበላሻል» የሚል ርዕስ ከመስጠታችን በፊት እነዚህኑ እንጠይቅ። እንዲህ ያለ ርዕስ ሰውን ከጎረቤቱ ቡና ያስቀራል፤ ጥቁሯን መስመር ግን አያሳየውም።