ስለ ወረዳ ምክር ቤትና ስለ አንድ የእግር ኳስ ማኅበር ሜዳ

የእግር ኳስ ጨዋታ ሥርዐቱ በእንግሊዝ አገር ተደንግጎ ወደ ዓለም ሁሉ እንደ ተሰራጨ መምህራን ያውቃሉ። ነገር ግን በዚያው አገር የኳስ ማኅበር ከሰፈሩ ሕዝብና ከወረዳው ምክር ቤት ጋራ እንዴት እንደ ተሳሰረ የሚያውቅ ጥቂት ነው። ይህን ለመረዳት በሎንዶን ከተማ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ በግሪንዊች ወረዳ የሚገኘው የቻርልተን አትሌቲክ ማኅበር ታሪክ መልካም ምሳሌ ይሆናል። ከዚህ በታች የተጻፈው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ማኅበሩን በ1905 ዓመት ያቋቋሙት የሰፈሩ ልጆች ናቸው። በ1919 ዓመት ቋሚ ሜዳ ሲፈልጉ የአሸዋና የኖራ ድንጋይ ይወጣበት የነበረ አንድ የተተወ ጕድጓድ አገኙ። ደጋፊዎቹም ያለ ደመወዝ እየቈፈሩ ወለሉን ደለደሉት፤ የወጣውንም አፈር በዙሪያው ከምረው ለተመልካች መቆሚያ አደረጉት። ስፍራውም ጐድጓዳ ስለሆነ «ቫሊ» ተባለ፤ ትርጓሜው ሸለቆ ማለት ነው። በ1938 ዓመት ማኅበሩ ከአስተን ቪላ ጋራ ሲጋጠም 75,031 ሰው በዚያ ሸለቆ ተገኝቶ ተመለከተ። በ1947 ዓመትም በርንሊን 1 ለ 0 አሸንፎ የእንግሊዝን አገር ዋንጫ ወሰደ። እንግዲህ ሜዳው አያት የቈፈረው፣ አባት የቆመበት፣ ልጅም የሚወርሰው ስፍራ ሆኖ ይቈጠር ነበር እንጂ እንደ ማንኛውም የሚሸጥና የሚለወጥ መሬት አልነበረም።

በሕግ ፊት ግን መሬት ምን ጊዜም መሬት ነው። ማኅበሩ በ1984 ዓመት በዕዳ ምክንያት ሊፈርስ ጥቂት ቀርቶት ሳለ ሌሎች ባለ ገንዘቦች ገብተው አዳኑት፤ ሜዳው ግን በቀድሞው ሊቀ መንበር እጅ ቀረና ማኅበሩ በገዛ ቤቱ ተከራይ ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት በሜይ 11 ቀን 1985 በብራድፎርድ ከተማ የኳስ ሜዳ ሰገነት ተቃጥሎ 56 ሰዎች ስለ ሞቱ፣ የመንግሥት ሹማምንት የአሮጌ ሜዳዎችን ደኅንነት አጥብቀው ይመረምሩ ጀመር። በቫሊም በስተ ምሥራቅ በኩል ያለው ትልቁ የመቆሚያ ደረጃ እንዲዘጋ ታዘዘ። በዚያው ወራት ባለ ርስቱ ከሰገነቱ በስተ ኋላ ያለውን ቦታ ለራሱ ፈለገው። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ጊዜ ስለ ወደቁበት ማኅበሩ ሜዳውን ለቆ በክሪስታል ፓላስ ሜዳ ተዳብሎ ለመጫወት ቈረጠ። ደጋፊዎቹም ይህን የሰሙት ሊጫወቱ ሲመጡ በር ላይ በታደለ ወረቀት ነው፤ አስቀድሞ የጠየቃቸው አልነበረም። በሴፕቴምበር 21 ቀን 1985 ስቶክ ሲቲን 2 ለ 0 ካሸነፉ በኋላ ቫሊ ተዘጋ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ያስገርማል። ማኅበሩ በሰው ሜዳ ሳለ በ1986 ዓመት ወደ አንደኛው ክፍል ከፍ አለ፤ በዚያም እስከ 1990 ዓመት ቈየ። ጨዋታው መልካም ነበረ፤ ነገር ግን ብዙ ደጋፊ መሄድን ተወ። ድል ብቻ ቢበቃ ኖሮ ደስ ሊላቸው በተገባ ነበር። ይልቁንም አንድ የሰፈሩ ጋዜጣ የአቤቱታ ፊርማ ሰበሰበላቸው፤ ደጋፊዎቹም የራሳቸውን መጽሔት ማሳተም ጀመሩ። በ1989 ዓመት አዲሶቹ የማኅበሩ አለቆች ሜዳውን ገዝተው እንመለሳለን ብለው በዎልዊች ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ለሕዝብ ሲያስታውቁ፣ ሕዝቡ መጥረጊያና መቍረጫ ይዞ ሄዶ በሜዳው ላይ የበቀለውን ቍጥቋጦና የተከመረውን ጕድፍ አቃጠለው።

ይሁን እንጂ መሬትን መግዛትና በመሬት ላይ መሥራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በእንግሊዝ አገር በ1947 ዓመት በወጣው ሕግ መሠረት፣ ባለ ርስት በገዛ መሬቱ ላይ እንኳ ትልቅ ሕንጻ ለመሥራት ሲፈልግ ንድፉን ለወረዳው ምክር ቤት አቅርቦ ማስፈቀድ አለበት። የምክር ቤቱ አባሎች በሕዝብ የተመረጡ እንደራሴዎች ናቸው፤ በሎንዶን ወረዳዎች ምርጫው በየአራት ዓመት ይደረጋል። ስለዚህ «ምክር ቤት የኳስ ማኅበርን ይርዳ» ሲባል ብዙ ሰው ገንዘብን ያስባል፤ ዋናው እርዳታ ግን ብዙ ጊዜ ፈቃድ ነው። ገንዘብ ከሌላ ሊገኝ ይችላል፤ ፈቃድ ግን ከመንግሥት በቀር የሚሰጠው የለም።

የግሪንዊች ምክር ቤት በጃንዋሪ 31 ቀን 1990 ብዙ ደጋፊዎች ተሰብስበው እያዩ ንድፉን አልቀበልም አለ። ምክር ቤቱን ወዲያው መንቀፍ ፍርድ ማጕደል ይሆናል። ማኅበሩ ለሕንጻው የሚያስፈልገውን ገንዘብ ለማግኘት ሲል በሜዳው ዙሪያ የንግድ ሕንጻም ጨምሮ ነድፎ ነበርና፣ ይህ ለሰፈሩ እጅግ ሰፊ ሆኖ ታየ። ደግሞም በሜዳው አጠገብ የሚኖሩ ሰዎች በየጨዋታው ቀን የሚመጣውን ሁከትና የሠረገላ ብዛት ፈርተዋል፤ እነርሱም የወረዳው ሕዝብ ናቸው፣ እነርሱም ግብር ይከፍላሉ። የምክር ቤቱ ጥፋት እንቢ ማለቱ አይደለም። ጥፋቱ እንቢታው የሚጐዳውን ሕዝብ ብዛትና የሐዘኑን ጥልቀት አቃልሎ ማየቱ ነው፤ ኳስን የአንድ ነጋዴ ጕዳይ እንጂ የሰፈር ጕዳይ አድርጎ አልቈጠረውም።

አስተማሪው ይህን ክፍል ሲያስተምር ደቀ መዛሙርቱን ከሁለት ከፍሎ፣ እኵሌቶቹ ለጐረቤቶቹ፣ እኵሌቶቹ ለደጋፊዎቹ ጠበቃ ሆነው እንዲሟገቱ ቢያደርግ ይጠቅማል። ሽማግሎችም ዳኛ ሆነው ቢቀመጡ መልካም ነው፤ ፍርዱ እንደሚመስለው ቀላል አለመሆኑን ያን ጊዜ ያዩታል።

ደጋፊዎቹ ግን ድንጋይ አላነሡም፣ መስኮትም አልሰበሩም። ምርጫው በሜይ 3 ቀን 1990 ይደረግ ስለ ነበር «የቫሊ ፓርቲ» የሚባል ማኅበር አቋቁመው፣ ከ62ቱ የምክር ቤት ወንበሮች ለ60ው ዕጩ አቀረቡ። ሁለቱን የተዉበት ምክንያት ማኅበሩን ከደገፉ እንደራሴዎች ጋራ ላለመወዳደር ነው። በየመንገዱ የግድግዳ ማስታወቂያ ለጠፉ፤ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ አስረዱ። ስለ ግብር፣ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ሌላውም የወረዳ ሥራ ያሳቡት ብዙ ነገር አልነበረም፤ ይህም በእውነት የአንድ ነገር ብቻ ፓርቲ ጕድለት ነው። ቢሆንም 14,838 ድምፅ አገኙ፤ ይህም ከመላው ድምፅ ከመቶ 10.9 ያህል ነው። አንድ ወንበር እንኳ አላሸነፉም፤ የሌበር ፓርቲም ምክር ቤቱን እንደ ያዘ ቀረ። ነገር ግን ንድፉን የመረመረው ሸንጎ ሊቀ መንበር ወንበሩን ዐጣ። ወንበር ሳያገኙ ኀይል ማግኘት እንዲህ ያለ ነው፤ የተመረጡት እንደራሴዎች የሚቀጥለውን ምርጫ መቍጠር ይጀምራሉና።

ከምርጫው በኋላ ምክር ቤቱና ማኅበሩ ተቀምጠው ተነጋገሩ፤ ንድፉም ተሻሻለና በአፕሪል 1991 ተፈቀደ። የሥራው ገንዘብ ሳይሞላ ስለ ዘገየ ማኅበሩ ደግሞ በዌስትሃም ሜዳ ተዳብሎ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ቈየ። የቀረውንም ለመሙላት ደጋፊዎቹ ከየኪሳቸው እያወጡ ገንዘባቸውን አስቀድመው ለማኅበሩ ሰጡ።

ሌላ ቦታ ደግሞ ነገሩ በተቃራኒው ሆኗል። በብራይተን ከተማ የማኅበሩ ሜዳ ተሽጦ በ1997 ዓመት ከተለቀቀ በኋላ፣ ምክር ቤቱ የራሱን የሩጫ ሜዳ ከ1999 እስከ 2011 ዓመት አስጫወተበት፤ ስለ አዲሱም ሜዳ በ1999 ዓመት የሕዝብ ድምፅ አስጠይቆ ብዙው ሰው ደገፈ። እዚያ የተቃወመው የጐረቤቱ የሉዊስ ወረዳ ምክር ቤት ነበር፤ ክርክሩም እስከ መንግሥት ሚኒስትር ድረስ ሄዶ ብዙ ዓመት ፈጀ። አንዱ ምክር ቤት ሲፈቅድ ሌላው ሊከለክል መቻሉን ከዚህ ማየት ይቻላል።

ቻርልተን በዲሴምበር 5 ቀን 1992 ወደ ቫሊ ተመለሰ። ከሄደ ሰባት ዓመት አልፎታል። ሰገነቶቹ ሁሉ ገና አላለቁም ነበርና የገባው ሰው ከዘጠኝ ሺሕ በታች ነው። ከፖርትስመዝ ጋራ ተጋጥመው በሰባተኛው ደቂቃ ኮሊን ዎልሽ አንድ ግብ አገባ፤ ጨዋታውም 1 ለ 0 ተፈጸመ። ያን ቀን በሜዳው ከነበሩት ብዙዎቹ ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት በምርጫ ወረቀት ላይ ለዚያ ሜዳ ድምፃቸውን የሰጡ ነበሩ።