ትምህርቱ ተከፈለ፤ ዶርሙስ?

በየዓመቱ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ በአትላንታም፣ በሲልቨር ስፕሪንግም፣ በዳላስም ባሉ የኢትዮጵያውያን ቤቶች ደስታ ይገባል። ልጅ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፤ በውጤቱ ስኮላርሺፕ ተሰጥቶታል፤ ደብዳቤው «ሙሉ የትምህርት ክፍያ» ይላል። ወላጆች ነገሩ እዚያ ላይ ያለቀ ይመስላቸዋል። ሐምሌ ላይ ቢሉ ሲመጣ ግን ከሥሩ ብዙ ሺህ ዶላር ዕዳ ይታያል፤ የዶርምና የምግብ ነው። ማንም አላታለላቸውም፤ ደብዳቤው ስለ ማደሪያ የተናገረው ነገር አልነበረም።

ክፍተቱ ትንሽ አይደለም። ኮሌጅ ቦርድ ለ2024-25 የትምህርት ዘመን ባወጣው አማካይ መሠረት፣ በገዛ ስቴቱ የአራት ዓመት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ሰው ለትምህርትና ለመደበኛ ክፍያዎች 11,610 ዶላር ሲከፍል ለመኖሪያና ለምግብ 13,310 ዶላር ይጠየቅ ነበር። ማደሪያው ከመማሪያው ይበልጣል ማለት ነው። ስለዚህ ስኮላርሺፕ መገኘቱን ካወቅን በኋላ ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት፣ ይህ ገንዘብ የትኛውን ወጪ እንዲከፍል ተፈቅዶለታል የሚለው ነው። ቤተሰብን ከብድር የሚያድነው የዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

የጆርጂያን ጉዳይ እንመልከት፤ ብዙ ወገኖቻችን እዚያ ስላሉ ብቻ ሳይሆን አሠራሩ ግልጽ ስለሆነም ነው። በገዥው ዜል ሚለር ዘመን ስቴቱ ሎተሪ ሲያቋቁም ገቢው ለትምህርት እንዲውል ተወሰነ፤ በ1993 ሆፕ የሚባለው ስኮላርሺፕ ከዚያ ገንዘብ ተጀመረ። ሁለተኛ ደረጃን በ3.0 አማካይ ውጤት ለጨረሰ የስቴቱ ነዋሪ በመንግሥት ኮሌጆች የትምህርት ክፍያውን ይሸፍናል። በ2011 ገቢው ወጪውን መሸከም ሲያቅተው የሆፕ ክፍያ ተቀነሰ፤ የመጽሐፍ ድጎማውም ቀረ። በዚያው ዓመት ከፍ ያለ ውጤት ላላቸው ሙሉውን የሚከፍል፣ በገዥው ስም የተሰየመ ሌላ ስኮላርሺፕ ተጨመረ። ከ2023 መጸው ጀምሮ ሆፕም በመንግሥት ኮሌጆች ሙሉውን ወደ መክፈል ተመልሷል። በዚህ ሁሉ መውጣትና መውረድ መካከል ዶርም አንድም ጊዜ ገብቶ አያውቅም። ግሪን ካርድ ያለው፣ ስደተኛነቱ ወይም ጥገኝነቱ የጸደቀለት ልጅም የነዋሪነት ቅድመ ሁኔታውን ካሟላ ለሆፕ መወዳደር ይችላል፤ ዜግነት የግድ ይመስላቸውና ሳያመለክቱ የሚቀሩ ስላሉ ነው ይህን ማንሳቴ።

የውጤት ስኮላርሺፕ በሦስት መልክ ይመጣል። አንዱ እንደ ሆፕ ለትምህርት ክፍያ ብቻ የታሰረ ነው። ሁለተኛው «በዓመት ይህን ያህል ሺህ ዶላር» ብሎ በጥቅሉ የሚሰጥና ተማሪው ለየትኛውም የትምህርት ዘመን ወጪ ሊያውለው የሚችለው ነው። ሦስተኛው ዶርሙንም ምግቡንም የሚጨምረው፣ ጥቂቶች ብቻ የሚያገኙት ሙሉ ስኮላርሺፕ ነው። ሦስተኛው ይማርካል፤ የብዙ ቤተሰብ ዕጣ ግን የሚወሰነው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ነው።

ዩኒቨርሲቲው ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ሂሳብ ይከፍታል። ትምህርቱ፣ ልዩ ልዩ ክፍያው፣ ዶርሙ፣ የምግብ ፕላኑ በአንድ ወገን ይጻፋል፤ ስኮላርሺፑና እርዳታው በሌላው ወገን ይገባል። የታሰረው ገንዘብ የታሰረበትን ብቻ ይነካል፤ ያልታሰረው የቀረውን ይከፍላል። ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ስኮላርሺፑ ራሱ ዶርም ባይከፍልም፣ ትምህርቱን ስለከፈለ ሌላው ገንዘብ ነጻ ይወጣና ወደ ዶርም ይሄዳል።

ለስሌት እንዲቀል ክብ ቁጥር እንያዝ። አንዲት የጆርጂያ ተማሪ ለትምህርት 9,000፣ ለግዴታ ክፍያዎች 1,500፣ ለዶርምና ምግብ 13,000 ዶላር ተጠየቀች እንበል፤ ድምሩ 23,500 ነው። ሆፕ 9,000ውን ይከፍላል። የቤተሰቧ ገቢ ዝቅተኛ ከሆነና የፌዴራል እርዳታ ማመልከቻውን፣ ፋፍሳን፣ ከሞላች የፌዴራሉን ፔል ግራንት ታገኛለች፤ ለ2024-25 ከፍተኛው መጠን 7,395 ዶላር ነበር፤ ያንን አገኘች እንበል። ሆፕ ባይኖር ኖሮ ፔሉን ትምህርቱ ብቻውን ይውጠው ነበር። አሁን ግን ከፔሉ 1,500ው የግዴታ ክፍያዎቹን ይዘጋል፤ የተረፈው 5,895 ዶላር ዶርም ይገባል። ቀሪ ዕዳዋ 7,105 ነው። «ልጄ በውጤቷ ስላገኘች ፋፍሳ አያስፈልገንም» የሚል ወላጅ ሳያውቅ የሚያጣው ይህንን የዶርም ገንዘብ ነው።

አሁን ደግሞ አንድ የማኅበረሰብ ድርጅት 3,000 ዶላር ሸለማት እንበል። የሽልማቱ ደብዳቤ «ለትምህርት ክፍያ» የሚል ከሆነ የሚከፍለው ነገር የለውም፤ ትምህርቱ አስቀድሞ ተከፍሏል። «ለትምህርት፣ ለመኖሪያ፣ ለምግብና ለመጽሐፍ» የሚል ከሆነ ግን ዕዳዋን ወደ 4,105 ያወርደዋል። ስለዚህ ለሸላሚው ድርጅት ጨዋ ኢሜይል ጽፎ ደብዳቤው እንዲሰፋ መጠየቅ ተገቢ ነው። ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው ያስተካክላሉ፤ ቃሉን የጻፉት ሌላ አማራጭ ሳያስቡ ነውና። በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ ወይም በዕድር በኩል ለተማሪ የምትሸልሙ ወገኖችም ይህን ሰፋ ያለ ቃል ከመጀመሪያው ብትጽፉት ገንዘባችሁ ሳይባክን ልጁ ዘንድ ይደርሳል።

ገንዘብ መደራረብ ወሰን አለው። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን፣ መኖሪያውን፣ ምግቡን፣ መጽሐፉንና ትራንስፖርቱን ደምሮ የዓመቱን ጠቅላላ ወጪ ይገምታል፤ የፌዴራል እርዳታ ለሚወስድ ተማሪ የእርዳታው ድምር ከዚያ ግምት መብለጥ የለበትም። ከወላጅ ጋር የሚኖር ልጅ የመኖሪያ ግምቱ ዝቅ ስለሚል ወሰኑም አብሮ ይወርዳል፤ ዶርም ለመግባት ሐሳብ የለወጠ ልጅ ለፋይናንሺያል ኤይድ ቢሮው ወዲያው መንገር ያለበት ለዚህ ነው። የተከራየው ቤት ከግምቱ በላይ ከሆነም ውሉን አቅርቦ ግምቱ እንዲታይለት መጠየቅ ይችላል።

ከወሰኑ በታች ሆኖም የሚያሳዝን ነገር ያጋጥማል። ልጁ ከውጭ ስኮላርሺፕ ሲያመጣ ዩኒቨርሲቲው የራሱን እርዳታ በዚያው ልክ የሚቀንስበት ጊዜ አለ። ደክሞ ድርሰት ጽፎ ላሸነፈ ልጅ ይህ ፍትሕ አይመስለኝም። ሜሪላንድ በ2017 ይህን በመንግሥት ኮሌጆቿ ላይ በሕግ በመገደብ ከስቴቶች የመጀመሪያዋ ሆናለች፤ ሌሎች ስቴቶችም ተከትለዋታል። እንዲህ ያለ ሕግ በሌለው ስቴት ያላችሁ፣ የውጭ ገንዘብ ሲገባ መጀመሪያ የሚቀነሰው ብድሩና የተማሪ ሥራው ነው ወይስ ግራንቱ ብላችሁ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

ሙሉዎቹን ስኮላርሺፖች በተመለከተ ጊዜ ወሳኝ ነው። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፓርክ ባነከር-ኪ የሚባለውን ይሰጣል፤ ሙሉው ሽልማት ትምህርቱን፣ መኖሪያውን፣ ምግቡንና የመጽሐፍ ወጪውን ይይዛል። ለዚህ ለመታየት ማመልከቻው እስከ ኖቬምበር 1 መግባት አለበት፤ ክረምቱን በእረፍት አሳልፎ በጃንዋሪ የሚያመለክት ጎበዝ ተማሪ ዩኒቨርሲቲው ቢቀበለውም ለሽልማቱ አይታይም። በቻፕል ሂል የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ከ1945 ጀምሮ ያለው ሞርሄድ-ኬንም መኖሪያንና ምግብን ይጨምራል። ሙሉ ሽልማት ላላገኘ ደግሞ ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ በዶርም ሬዚደንት አሲስታንት (የዶርሙን ነዋሪዎች የሚረዳ ተማሪ) ሆኖ መሥራት ጥሩ በር ነው፤ በብዙ ካምፓሶች ክፍሉ በነጻ ይሰጣል፣ አንዳንዴም ምግቡ።

ከካምፓስ ውጭ ለሚከራይ ልጅ ገንዘቡ በሪፈንድ ነው የሚደርሰው። ሂሳቡ ላይ ካለው ዕዳ የበለጠ የፌዴራል እርዳታ ሲገባ ዩኒቨርሲቲው ትርፉን በ14 ቀናት ውስጥ ለተማሪው መስጠት አለበት። ቀኑ የሚቆጠረው ግን ትርፉ ከተፈጠረ በኋላ ነው፤ ያም አብዛኛውን ጊዜ ትምህርት ሲጀመር ነው። የቤት አከራይ ዲፖዚትና የመጀመሪያ ወር ኪራይ የሚጠይቀው ከዚያ በፊት ስለሆነ ለኦገስት የሚሆን ገንዘብ ከሌላ ቦታ መዘጋጀት አለበት።

ስለ ታክስ ብዙ ሰው አያውቅም፤ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት። ዲግሪ የሚማር ሰው ለትምህርትና ለግዴታ ክፍያዎች፣ ለሚያስፈልጉ መጻሕፍትና መሣሪያዎች ያዋለው ስኮላርሺፕ ታክስ የለበትም። ለዶርምና ለምግብ ያዋለው ግን እንደ ተማሪው ገቢ ይቆጠራል። ይህ ሊያስደነግጥ አይገባም፤ ተማሪው ሌላ ብዙ ገቢ ከሌለው ስታንዳርድ ዲዳክሽኑ፣ ማለትም ከታክስ ነጻ የሚደረገው መደበኛ የገቢ መጠን፣ ሊሸፍነው ይችላል። እንዲያውም አንዳንዴ ይጠቅማል። ቀደም ያልናት ተማሪ ፔሏን በሙሉ ለዶርምና ለምግብ እንደዋለ አድርጋ ብትይዝ፣ 1,500ው የግዴታ ክፍያና ለመጻሕፍት ወጣ የምንለው 600 ዶላር በቤተሰቧ ኪስ እንደተከፈለ ይቆጠራል። ያ 2,100 ዶላር፣ ቅድመ ሁኔታውን ለሚያሟሉ ወላጆች፣ አሜሪካን ኦፖርቹኒቲ በሚባለው የታክስ ክሬዲት እስከ 2,025 ዶላር ያስገኛል፤ የመጀመሪያው 2,000 ሙሉ በሙሉ፣ ቀጣዩ በ25 በመቶ ይታሰባልና። እሷ 7,395ቱን ገቢ ብታደርግም፣ ሌላ ገቢ ከሌላት ታክስ አይደርስባትም። ታክስ የሚሠራላችሁ ሰው ዩኒቨርሲቲው ለታክስ የሚሰጠውን 1098-ቲ የሚባል ቅጽ አይቶ ብቻ ካለፈ ይህን ጠይቁት።

የመጨረሻው ጉዳይ ውጤቱን መጠበቅ ነው። ሆፕ ተማሪው 30፣ 60 እና 90 ክሬዲት ሲሞክር ውጤቱን ይመረምራል፤ ከ3.0 በታች ከሆነ ይቋረጣል። ያን ጊዜ ፔሉ ተመልሶ ወደ ትምህርት ክፍያው ይሄዳል፤ ባዶ የሚቀረው ዶርሙ ነው። በትልልቅ ካምፓሶች አካባቢ ደግሞ የቀጣዩ ዓመት የአፓርታማ ውል የሚፈረመው ገና በመጸው፣ የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት ሳይታወቅ ነው፤ ውሉም ብዙውን ጊዜ የ12 ወር ሲሆን ወላጅ ዋስ ሆኖ ይፈርምበታል። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ያላችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት የሚድተርሙን ውጤት አብራችሁ እዩ፤ የሚያሰጋ ከሆነ ውሉ እስከ ጃንዋሪ ይቆይ።