የኤሌክትሪክ ሠራተኞች የፈቃድ ፈተና ምን ይመዝን?

በ220 ቮልት መስመር የሰውነታችን ሬዚስታንስ 1000 ኦም ነው ብንል፣ በአካላችን የሚያልፈው ፍሰት 0.22 አምፒየር ይሆናል። ይህ የልብን ምት አዛብቶ ሊገድል ይችላል፤ ባለ 10 አምፒየር ፊውዝ ግን አይቀልጥም (ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን እንጂ ሰውን አይደለምና)። ሰውን የሚጠብቀው በሚገባ የተዘረጋ የመሬት ሽቦ፣ እንዲሁም ሄዶ የሚመለሰው ፍሰት በ30 ሚሊ አምፒየር ሲለያይ መስመሩን የሚያቋርጥ መሣሪያ ነው።

ስለዚህ የፈቃድ ፈተና ሲሻሻል ቀመር ከመጠየቅ አልፎ፣ የመሬት ሽቦው ሆን ተብሎ በተቋረጠ ሰሌዳ ፊት ተፈታኙን ማቆም ይኖርበታል እንላለን። በብሪታንያ ኤ ኤም 2 በተሰኘው የተግባር ፈተና ተፈታኙ መስመሩን አጥፍቶ መጥፋቱን በመለኪያ ያረጋግጣል፤ የተደበቀ ብልሽትም ፈልጎ ያገኛል። አምፖሉ መብራቱ ብቻ ለማለፊያ አይበቃም፤ የመሬት ሽቦው ተበጥሶም አምፖል ይበራልና።